ለትምህርት ቤታችን ግድግዳ የትኛው የዓለም ካርታ ይሻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ነኝ። የቀድሞ ተማሪዎቻችን ለቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ትልቅ የዓለም ካርታ ሊያሳትሙልን ነው። ቦታው ወደ ጎን 3 ሜትር፣ ወደ ላይ 2 ሜትር ነው። ማተሚያ ቤቱ ሦስት ናሙና አሳየን። አንደኛው ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክልበት አራት ማዕዘን ካርታ ነው። ሁለተኛው ፒተርስ የሚባለው ነው፤ አንድ ባልደረባዬ ‹እውነተኛዋ አፍሪካ እዚህ ላይ ናት› ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ሦስተኛው ጎንና ጎኑ የጎበጠ፣ ዊንክል ትሪፕል የሚባል ነው። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ‹ትልልቆቹ የሚጠቀሙት ይሄንን ነው› አለኝ። ትክክለኛው የትኛው ነው? በኋላ ደግሞ የ8ኛ ክፍል ክበብ ልጆች በዚያው ካርታ ላይ የአገሮችን የሕዝብ ጥግግት በቀለም እንዲያሳዩ አስበናል።»

መምህር፣ መልሱን ላስቀድም። ለግድግዳው ሦስተኛውን፣ ዊንክል ትሪፕልን ያሳትሙ። ለክበቡ ልጆች የቀለም ሥራ ግን አይጠቀሙበት። ለዚያ ኢኳል ኧርዝ የሚባለውን ካርታ በትንሽ ወረቀት አባዝተው ይስጧቸው። አንዱ ካርታ ሁለቱንም ሥራ ይሥራ ካልን ከሁለት አንዱ መበላሸቱ አይቀርም። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ካርታ መሥራት እንጀራዬ ነው፤ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን በአእምሯቸው ይዘውት የሚኖሩትን የዓለም ሥዕል መምረጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይመስለኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ትክክለኛው የትኛው ነው?» ላሉት፣ ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆነ ጠፍጣፋ ካርታ የለም። ወደፊትም አይኖርም። ይህን በቃል ከማስረዳት በክፍል ውስጥ ቢያሳዩት ይሻላል። አንድ አሮጌ የላስቲክ ኳስ ፈልጉና ለሁለት ቁረጡት። ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ደፍታችሁ በመዳፍ ተጫኑት። አይተኛም። እንዲተኛ ከፈለጋችሁ ጠርዙን በመቀስ መሰንጠቅ አለባችሁ። ያን ጊዜ በስንጥቆቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ እንዳይኖር ከፈለጋችሁ ደግሞ ላስቲኩን መለጠጥ ነው። ከመቅደድና ከመለጠጥ ሌላ ሦስተኛ መንገድ የለም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ይህንን በ1827 በሒሳብ አረጋግጦታል።

ፕሮጄክሽን የምንለው ነገር እንግዲህ ሉሉን ወደ ወረቀት የምናወርድበት የሒሳብ ደንብ ነው። ደንቡ የሚወስነው የት እንደምንለጥጥና የት እንደምንቀድ ነው። ቅርጽን መጠበቅ ይቻላል። ስፋትን መጠበቅም ይቻላል። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይቻልም። ርቀትና አቅጣጫም በከፊል ካልሆነ አይጠበቁም።

የመጀመሪያው ናሙናዎ መርካቶር ነው። ጌራርዱስ መርካቶር በ1569 ያወጣው ለመርከበኞች ነበር። መርከበኛ ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ ይዞ ሲጓዝ መንገዱ በዚህ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሆንለታል። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ስፋት ነው። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ መሬት ጎኑም ቁመቱም ሁለት እጥፍ ስለሚሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በግሪንላንድ መሃል፣ 72 ዲግሪ አካባቢ፣ አሥር እጥፍ ይደርሳል። አፍሪካ ወደ 30 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናት። ግሪንላንድ 2.16 ሚሊዮን ገደማ ናት። አሥራ አራት ግሪንላንድ አፍሪካ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በመርካቶር ላይ ግን እኩያ መስለው ይታያሉ። ስልካችን ላይ ሰፈር የምንፈልግበት ካርታም በዚሁ ደንብ ይሠራል፤ እዚያ ቦታው ነው፣ ምክንያቱም ወደ መንገድ ጠጋ ስንል የመስቀለኛ መንገዱ ቅርጽ አይጣመምም። ለመላው ዓለም የግድግዳ ካርታ ግን ቦታው አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

የባልደረባዎ ነገር ግን በደንብ መታየት አለበት። የተቆጣበት ነገር እውነት ነው። ልጆቻችን አፍሪካን ከሚገባት በታች አሳንሶ በሚያሳይ ካርታ ሲማሩ ኖረዋል። እኔም ያደግሁት በዚያ ካርታ ነው። ጀርመናዊው አርኖ ፒተርስ በ1973 ካርታውን ለጋዜጠኞች ሲያቀርብ የተናገረው ይህንኑ ነበር። ካርታው በስፋት በኩል አይዋሽም። አሥራ አራቱ ግሪንላንድ በእርግጥም አፍሪካ ውስጥ ይገባሉ። ደንቡ ግን የፒተርስ ፈጠራ አይደለም። ጄምስ ጎል የተባለ ስኮትላንዳዊ የሃይማኖት ሰው በ1855 ግላስጎ ላይ አቅርቦት ነበር። በዚያው ስብሰባ ጎል ሌላም ካርታ አቅርቧል፤ ቅርጽንም ስፋትንም በመጠኑ እየጎዳ ሁለቱን ለማስማማት የሚሞክር ካርታ። ወደዚያ እንመለስበታለን።

ፒተርስ የሚወድቀው በቅርጽ ነው። አንድ መለኪያ እንያዝ፤ መለኪያው የራሳችን አገር ይሁን። ኢትዮጵያ መሃል ላይ 100 ኪሎ ሜትር በ100 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ያስቡ። በፒተርስ ካርታ ላይ የዚያ መሬት ቁመት የወርዱን ሁለት እጥፍ ሊያክል ምንም አይቀረውም። ልጆቹ በክፍላቸው ግድግዳ የሚያውቋት ኢትዮጵያ ተስባ፣ ቀጥና ትታያለች። አፍሪካ በሙሉ እንዲሁ ወደ ታች ተጎትታለች። ይህ ካርታ ቅርጽ የማያዛባው የት ነው? በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነው። ይህ መስመር በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሰሜን ጣሊያንና በሰሜን አሜሪካ መሃል ያልፋል። ይህን ለባልደረባዎ በአክብሮት ያንሱለት። ለአፍሪካ ፍትሕ ያመጣል የተባለው ካርታ ትክክለኛ ቅርጽ የሰጠው ለአውሮፓ ነው። በ1989 በሰሜን አሜሪካ ያሉ ሰባት የጂኦግራፊና የካርታ ሙያ ማኅበራት አራት ማዕዘን የሆኑ የዓለም ካርታዎች ለአጠቃላይ አገልግሎት እንዲቀሩ ሲጠይቁ፣ ጥያቄው መርካቶርንም ፒተርስንም አንድ ላይ የሚነካ ነበር።

ሦስተኛው ናሙናዎ ከሌላ ቤተሰብ ነው። እኔ እነዚህን አስታራቂ ፕሮጄክሽኖች እላቸዋለሁ። ስማቸው ሥራቸውን ይናገራል። ሁለት የተጣሉ ወገኖች ፊት የተቀመጠ ሽማግሌ አንዱን ሙሉ በሙሉ ረቺ፣ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ተረቺ አድርጎ አያሰናብትም። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ያስቀንሳል። አስታራቂ ካርታም ቅርጽን ፍጹም አይጠብቅም፣ ስፋትንም ፍጹም አይጠብቅም። ስህተቱን ግን አንድ ቦታ አይከምረውም። የትኛውም ክፍለ ዓለም ዓይን እስኪያስደነግጥ ድረስ እንዳይበላሽ ጉዳቱን ያከፋፍለዋል።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ደስ ይለኛል፣ ትንሽ ልቆይበት። ቀደም ብዬ ያነሳሁት የጎል ሁለተኛ ካርታ የዚህ ቤተሰብ ነው። ከሱ በኋላ አልፎንስ ፋን ደር ግሪንተን በ1904 በአሜሪካ ፓተንት ያገኘበት ካርታ መጣ። መላውን ዓለም በአንድ ክብ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ የጂኦግራፊ ማኅበር ከ1922 ጀምሮ ከስልሳ ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል። ችግሩ ሰሜኑን እንደ መርካቶር ባይሆንም ክፉኛ ማግዘፉ ነው።

ከዚያ አርተር ሮቢንሰን መጣ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርታ ፕሮፌሰር ነበር። በ1963 ራንድ ማክናሊ የተባለው የካርታ አሳታሚ ለዓይን የሚስማማ የዓለም ካርታ እንዲሠራለት ጠየቀው። ሮቢንሰን ያደረገው በሙያው ያልተለመደ ነገር ነበር። ሌሎቹ ከቀመር ይነሳሉ። እሱ ከዓይን ተነሳ። ክፍለ ዓለማቱ እንዴት ቢታዩ ደስ እንደሚሉ አስቦ፣ መስመሮቹን ትንሽ እየነካካ፣ ከዚህ በላይ ቢነካ የማይሻሻል እስኪመስለው ድረስ ቀጠለ። ሒሳቡ በኋላ ነው የተከተለው። እስከ ዛሬ የሮቢንሰን ካርታ መሠረቱ አንድ አጭር ሠንጠረዥ ነው። በየ5 ዲግሪው ኬክሮስ ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው መስመሩ ምን ያህል ይርዘም ይላል፤ ሁለተኛው ከምድር ወገብ ምን ያህል ይራቅ ይላል። ለምሳሌ የ60 ዲግሪ መስመር በሉሉ ላይ የምድር ወገብ ግማሽ ነው። በሮቢንሰን ሠንጠረዥ ግን 0.7986 ተብሏል። ይህ ቁጥር ከቀመር የወጣ አይደለም፤ የአንድ ሰው ዓይን «እዚህ ላይ ይበቃል» ያለበት ነው። አንዳንድ የሒሳብ ሰዎች ይህንን አይወዱለትም። እኔ እወድለታለሁ። ካርታ በመጨረሻ የሚታየው በሰው ዓይን ነውና።

ናሽናል ጂኦግራፊክ በ1988 ወደ ሮቢንሰን ዞረ። አሥር ዓመት ብቻ ቆየበትና በ1998 ወደ ዊንክል ትሪፕል ተሻገረ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ «ትልልቆቹ» ያለው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ዊንክል ትሪፕልን ጀርመናዊው ኦስቫልድ ዊንክል በ1921 ነው ያወጣው። ከሮቢንሰን በአርባ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ትሪፕል በጀርመንኛ ሦስትዮሽ ነው። ሦስቱ ነገሮች ስፋት፣ አቅጣጫና ርቀት ናቸው፤ ዊንክል የሦስቱንም ጉዳት አንድ ላይ መቀነስ ነበር የፈለገው። ዘዴው ለ8ኛ ክፍል ልጅ የሚገባ ነው። ሁለት ካርታ ይወስዳሉ። አንዱ ኬክሮስና ኬንትሮስ እንደ ደብተር ካሬ ቀጥ ብለው የተሰመሩበት ነው። ሌላው ዴቪድ አይቶፍ በ1889 ያወጣው እንቁላል መሰል ካርታ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ በአንደኛው ላይ የት እንደወደቀች፣ በሁለተኛው ላይ የት እንደወደቀች ያያሉ። የሁለቱ ቦታዎች መሃል ላይ ነጥብ ያኖራሉ። ለእያንዳንዱ የምድር ነጥብ ይህን ያደርጋሉ። አለቀ። ካሬው ካርታ ዋልታውን እጅግ ይለጥጠዋል። እንቁላሉ ደግሞ ዳርና ዳሩን ያጣምማል። አማካያቸው ሁለቱንም ያለዝበዋል።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ መለኪያችን እንመለስ። ያቺ 100 በ100 ኪሎ ሜትር መሬት በፒተርስ ቁመቷ ከወርዷ በ95 በመቶ ይበልጣል። በዊንክል ትሪፕል በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በሮቢንሰን በ12 በመቶ ገደማ። 12ና 20 በመቶን ያልሠለጠነ ዓይን ልብ አይለውም። 95 በመቶን ግን ሕፃን ልጅም ያየዋል።

ስፋትስ? ግሪንላንድ በእውነት የኢትዮጵያን ሁለት እጥፍ ገደማ ናት። በመርካቶር ላይ ከ20 እጥፍ በላይ ሆና ትታያለች። በሮቢንሰን ሦስት ተኩል ገደማ። በዊንክል ትሪፕል ወደ አራት። ልብ ይበሉ፣ መምህር፤ አስታራቂዎቹም ቢሆኑ ግሪንላንድን ከኢትዮጵያ አንጻር ሁለት እጥፍ ያህል ያገዝፏታል። ይህን ለልጆቹ መደበቅ የለብንም። ከሃያ ወደ አራት መውረድ ትልቅ መሻሻል ነው። አራት ግን ሁለት አይደለም።

ታዲያ ሮቢንሰን በሁለቱም ቁጥር ትንሽ ከተሻለ ለምን ዊንክል አልሁ? እነዚህ ቁጥሮች የሁለት ቦታ ናቸው። ካርታ የሚመዘነው በመላው ዓለም ነው። አሜሪካውያኑ ዴቪድ ጎልድበርግና ሪቻርድ ጎት በ2007 የታወቁ ካርታዎችን በስድስት ዓይነት ስህተት መዝነዋቸዋል። ከቅርጽ፣ ከስፋትና ከርቀት ሌላ የመስመር መጉበጥን፣ ወደ አንድ ጎን ማጋደልንና ካርታው የሚቀደድበትን ጠርዝ ጨምረው ነው። ከተለመዱት የዓለም ካርታዎች ዝቅተኛ ስህተት ያገኙት በዊንክል ትሪፕል ላይ ነበር። በዋልታዎቹም ይሻላል። ዋልታ በእውነት ነጥብ ነው። በሮቢንሰን የምድር ወገብን 53 በመቶ የሚያህል መስመር ይሆናል። በዊንክል 39 በመቶ ነው። አንታርክቲካ ከካርታው ግርጌ እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግታ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዊንክል ጥለቱ ያጥራል።

ሌላው ምክንያት የእርስዎ ግድግዳ ነው። ሮቢንሰን 3 ሜትር ጎን ሲኖረው ቁመቱ 1.52 ሜትር ብቻ ይሆናል። ዊንክል 1.83 ሜትር ይሆናል። የእርስዎ ቦታ 2 ሜትር ቁመት አለው። ለልጆች ካርታ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው፤ የአገር ስም የሚነበብበትና የማይነበብበት ልዩነት ነው።

ዊንክል ከሮቢንሰን የሚያንስበትም አለ። በሮቢንሰን ላይ የኬክሮስ መስመሮች ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከአዲስ አበባ ላይ ማስመሪያ አግድም ቢያስቀምጡ የፓናማ ዋና ከተማን ያገኟታል፤ ሁለቱም 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። በዊንክል ላይ መስመሮቹ ወደ ዳር ሲሄዱ ስለሚጎብጡ ይህ በማስመሪያ አይሆንም። በዓመቱ ዋናው ትምህርታችሁ የአየር ንብረት ቀጠና ከሆነ ሮቢንሰንን ብትመርጡ አልቃወምም።

አስታራቂ ካርታ ጨርሶ የማይችለው ነገርም አለ። ልጆቹ ክር ወስደው አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን ማገናኘታቸው አይቀርም፤ ዘመድ እዚያ የሌለው ልጅ ጥቂት ነው። በግድግዳው ካርታ ላይ ክሩ በቻድ፣ በማሊና በሞሪታኒያ በኩል ያልፋል። የምድር አጭሩ መንገድ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፣ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ ስፔንን ይሻገራል፣ ከዚያ አትላንቲክን ያቋርጣል። ርዝመቱ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ አያስረዱ። ሉል ያምጡና ክሩን በሉሉ ላይ ወጥረው ያሳዩ። የቀድሞ ተማሪዎቻችሁ ከማሳተሚያው የሚተርፍ ገንዘብ ካላቸው፣ ለኔ ከሁለተኛ ካርታ በፊት አንድ ሉል ቢገዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ክበቡ ልጆች። የሕዝብ ጥግግት በቀለም ሲሳል ዓይን ሳያውቀው የቀለሙን ስፋት ይደምራል። በዊንክል ላይ ሩሲያና ካናዳ ከሚገባቸው በላይ ቀለም ይዘው ይቀርባሉ። ጥግግታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ደግሞ ዓለም በሙሉ ባዶ መሬት ትመስላለች። የደን ሽፋን ቢሆንም ያው ነው፤ የሰሜኑ ደን ይገዝፋል፣ የኮንጎ ደን ያንሳል። መጠን ለሚነገርበት ካርታ ሁሉ ስፋትን የሚጠብቅ ፕሮጄክሽን የግድ ነው። በዚህ ላይ አስታራቂ አያስፈልግም፤ አንዱ ወገን ሙሉ በሙሉ መርታት አለበት።

ለዚህ ነው ኢኳል ኧርዝን ያልኩት። ቦያን ሻቭሪች፣ ቶም ፓተርሰንና በርንሃርድ የኒ በ2018 ያወጡት ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የቦስተን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፒተርስን በክፍሎቻቸው መስቀል ጀምረው ነበር። ሦስቱ ባለሙያዎች የትምህርት ቤቶቹን ሐሳብ አልነቀፉም። ስፋትን በትክክል የሚጠብቅ፣ ግን እንደ ሮቢንሰን ለዓይን የሚያምር ካርታ ሠርተው አቀረቡ። ለኔ ይህ የሙያ ክርክር እንዴት መካሄድ እንዳለበት ጥሩ ምሳሌ ነው። የእኛ መለኪያ መሬት በኢኳል ኧርዝ ላይ ቁመቷ ከወርዷ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይበልጣል። ከዊንክል የባሰ፣ ከፒተርስ እጅግ የተሻለ ነው። በነሐሴ 2025 የአፍሪካ ኅብረት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው፣ መርካቶር በዚህ ካርታ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል። ባልደረባዎ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል ብዬ አምናለሁ። እሱ በፒተርስ ውስጥ የፈለገው ነገር እዚህ ይገኛል።

እንግዲህ ለግድግዳውም ኢኳል ኧርዝን ለምን አላልኩም? ሊባል ይችላል፤ ቢሰቅሉት አላዝንም። የግድግዳው ካርታ ዋና ሥራ ግን አገርን በቅርጹ ማወቅ፣ ጎረቤትን ማወቅ፣ የት ነው ለሚለው መልስ ማግኘት ነው። ለዚህ ቅርጽ ይበልጥብኛል። ልጆቻችሁ በብዛት የሚያነሡት ጥያቄ «ማን ይበልጣል?» ከሆነ ግን ሚዛኑ ወደ ኢኳል ኧርዝ ያደላል። የክፍልዎን ልጆች ከኔ በላይ ያውቋቸዋል።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ጥቂት የተግባር ነገር።

ፋይሉን ከኢንተርኔት በተገኘ ፎቶ እንዳያሠሩ። 3 ሜትር ላይ ፊደሉ ሁሉ ይፈዛል። በኪውጂአይኤስ፣ በነፃ በሚገኘው ፕሮግራም፣ የኮምፒውተር መምህራችሁ ሊሠራው ይችላል። ናቹራል ኧርዝ የተባለው የካርታ መረጃ ነፃ ነው።  በፕሮግራሙ ውስጥ የኢኳል ኧርዝ መለያ ኮድ ኢፒኤስጂ 8857 ነው። ሲጨርስ በፒዲኤፍ ያውጣው። በምስል ካወጣው ግን ወደ ጎን ከ18 ሺህ ፒክስል ባያንስ ይመረጣል። የአገር ስሞቹን በአማርኛ ማስገባትም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ሥራው አድካሚ ነው፣ ግን ክበቡ ይሥራው።

የካርታው መሃል በግሪንዊች መስመር ላይ ከሆነ የሩሲያ ጫፍ ተቆርጦ በግራ በኩል ለብቻው ይቀራል። መሃሉን ወደ 11 ዲግሪ ምሥራቅ ቢያዞሩት መቀደጃው በቤሪንግ ወሽመጥ ያልፍና ሩሲያ ሙሉ ትሆናለች። አፍሪካም ይበልጥ ወደ መሃል ትመጣለች።

የመጨረሻው ነገር ያቃጠለኝ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ካርታ ሠርቼ ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ። ሲሰቀል ሄጄ አየሁት። አፍሪካ ወፍራለች። ለካ ክፍት ቦታ እንዳይተርፍ ብለው ምስሉን ወደ ጎን ስበውታል። ያ ሁሉ የሒሳብ ጥንቃቄ በአንድ የማውዝ ጉተታ ጠፋ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ባነር ሲያትሙ የለመዱትን ነው ያደረጉት። እኔ ነኝ ቀድሜ መንገር የነበረብኝ።

ስለዚህ ናሙናው ሲታተም ሜትር ይዘው ይሂዱ። የምድር ወገብን ከዳር እስከ ዳር ይለኩ። ከዚያ መሃል ላይ ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ይለኩ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። 1.64 ገደማ ከመጣ አልተሳበም፤ ይፈርሙ። ከግድግዳዎ 17 ሴንቲ ሜትር ከታች ይተርፋል። ማተሚያ ቤቱ «እንሙላው» ሊል ይችላል፤ እሺ አይበሉ። በዚያ ቦታ ላይ ካርታው ዊንክል ትሪፕል መሆኑን ያስጽፉበት። ከሥሩም በጉልህ ፊደል፦ «ወደ ዋልታ የቀረቡ አገሮች እዚህ ካርታ ላይ ከእውነተኛ መጠናቸው ሰፍተው ይታያሉ። ግሪንላንድ በእውነት የኢትዮጵያን ሁለት እጥፍ ገደማ ናት። እዚህ ላይ ስንት እጥፍ ሆነች? ለኩና ድረሱበት።»